አራተኛ ፎቅ ላይ ያለችው ነጭ ነጥብ

ጥቅምት 6

ዛሬ የተለመደው ነው። ሁለት ሱቅ፣ አንድ የጥርስ ሐኪም ቤት። አሮጌው የመስኮት ማጠቢያ ዘንግ ሦስተኛ ፎቅ ሲደርስ እንደ ሸንበቆ ጎበጠ። ብሩሹን ቀኝ ስለው ግራ ይሄዳል። ከታች ሆኜ ስሰድበው አላፊ አግዳሚው ያየኛል። ይየኝ።

ስመለስ እትዬ የቀጠሮ ደብተሯን ይዛ በር ላይ ቆማለች። እትዬ የወንድሜ ሚስት ናት... የሟቹ ወንድሜ። ስልክ የምታነሳው፣ ቀጠሮ የምትይዘው፣ ውሃውን የምታጣራው እሷ። መስኮት የማጥበው እኔ። ስድስት ዓመት እንዲህ ኖርን።

«አዲስ ሥራ ተገኘ። ትልቅ ነው» አለች።

«የት?»

ደብተሯን ዘጋች። «ቀይ ጡቡ ሕንፃ።»

በዚያ መንገድ ካለፍኩ ስድስት ዓመቴ። ጫማ የማሰፋበትን ሰው እንኳ ቀይሬያለሁ፤ እዚያ ጥግ ስለሚቀመጥ።

«አልሠራም» አልኳት።

«ትሠራለህ። ሕንፃው ምን በደለን? ወንድምህን የራሱ ዝንጉነት ነው የገደለው። ደግሞ መሰላል የሚባል ነገር የለም፤ አዲስ ዘንግ እንገዛለን፣ እግርህ መሬት አይለቅም።»

የራሱ ዝንጉነት... ይሄን ቃል ማን አፏ ውስጥ ጨመረው? እኔ።

ጥቅምት 7

እስቲ አንዴ ልጻፈው። ይሄን ደብተር ከኔ ሌላ የሚገልጠው የለም።

ወንድሜ ጋሼ ቀይ ጡቡ ላይ፣ አራተኛ ፎቅ መስኮት እያጠበ ሳለ ወደቀ። የመሰላሉን እግር መያዝ የኔ ሥራ ነበር። ለእትዬ፣ ለፖሊሱ፣ ለጎረቤቱ ሁሉ አንድ ነገር ነው የነገርኩት፤ «ይዤው ነበር። እሱ ከልክ በላይ ተዘርግቶ ከእጄ ወጣ።»

አልያዝኩትም ነበር።

ይኸው ጻፍኩት። ጣራው አልተደረመሰም።

ጥቅምት 9

ዘንግ መረጣ ሄድን፣ እኔና እትዬ። ሻጩ ቅቤ አንጓች ቢጤ ነው። መጀመሪያ አሉሚኒየሙን አመጣ። ከባድ፤ እስከ አራተኛ ፎቅ ይዞት የሚውል ሰው ክንዱን ቤቱ ይዞ አይገባም። ቀጥሎ ፋይበሩን። የኛው ጎባጣ ታናሽ ወንድም ነው፣ አወቅሁት። መጨረሻ ላይ ጥቁሩን፣ ካርቦኑን። እጄ ላይ ሳደርገው ላባ ነው።

«ይሄ ይሁን» አልኩ።

እትዬ «ታጥፎማ ሁሉም ቀላል ነው። ግቢ አውጥተህ ዘርጋው» አለች። አንጓዎቹን በሙሉ አውጥቼ አቆምኩት። ጫፉ ትንሽ ተወዛወዘና ረጋ። እሷ ደግሞ በየአንጓው ያሉትን መቆለፊያዎች አንድ በአንድ ትከፍታለች፣ ትዘጋለች፣ ጆሮዋን አስጠግታ ታዳምጣለች። «ይሄ ቢሰበር መለዋወጫው አለህ? ብሎኑስ? የውሃው ጎማ ከውስጥ ነው ከውጭ የሚሄደው?»

ሻጩ ላብ አጠመቀው። «እናንተ ሙሽራ ነው እንዴ የምትመርጡት?»

«ሙሽራማ ቢሆን እንዲህ አልጠነቀቅም ነበር» አለችው። ሳቅን። ከስንት ጊዜ በኋላ እንደሆነ እንጃ።

ሻጩ ሲያሽግልን «ካርቦን ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፤ ሽቦ ባለበት እንዳትዘረጉት» አለ። የእትዬ ሳቅ እዚያው ቆመ። ወደ ቀይ ጡቡ ጠባቂ ደወለችና ሽቦ በየት በኩል እንደሚያልፍ ጠየቀች። በጀርባ በኩል ነው። እኛ የምናጥበው ፊት ለፊቱን ነው።

ባሏ በዝንጉነቱ የሞተባት ሴት እንዲህ ነው የምትጠነቀቀው።

ጥቅምት 10

ፌንጣ ዘንጉን ግቢ ውስጥ ዘርግታ በእግሯ ለካችው። ፌንጣ የጋሼ ልጅ ናት፤ አሥራ ሦስት ዓመቷ። ስትራመድ ስለምትዘል ስሙን እሱ ነው ያወጣላት።

«አጎቴ፣ አባቴ ይሄ ቢኖረው አይሞትም ነበር፣ አይደል? ግን ዝንጉ ነበር።»

እንደ ትምህርት ቤት መልስ ነው የምትለው፤ ሳትቆጣ፣ ሳታዝን። ተምራው።

የጋሼ ፎቶ ዕቃ ቤቱ ግድግዳ ላይ ነበር። እትዬ በዓመቱ አውርዳ ሳጥን ውስጥ ከተተችው፤ «ሳየው እናደዳለሁ» ብላ። ምስማሩ አለ። የዘንጉን መወልወያ ጨርቅ እሱ ላይ እሰቅላለሁ።

ጥቅምት 14

ሄድኩ።

ከመውጣቴ በፊት ውሃውን ለካሁት። ዜሮ። የኛ ውሃ ምንም ጨው፣ ምንም አፈር የለበትም፤ መስታወቱ ላይ ትለቀዋለህ፣ ሳትወለውለው ራሱ ያለ ምልክት ይደርቃል። መለኪያው ዜሮ ካላለ መኪናው አይነሳም። የእትዬ ሕግ ነው።

ጠባቂው ወገቡ ላይ ያለው ቁልፍ ሁሉ እየተንኳኳ መጣ። ባለ ቁልፉ ብዬዋለሁ። «ውሃ ካስፈለገህ ቧንቧው ያውልህ» አለኝ። ያው ቧንቧ። እዚያው ጥግ። ዛሬም ይንጠባጠባል።

«ይዤ መጥቻለሁ» አልኩት።

አንደኛ ፎቅ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ። ዘንጉ አላሳፈረንም፤ ቀኝ ስለው ቀኝ ይሄዳል። አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ከግራ ሦስተኛዋ መስኮት ጋ ስደርስ ግን ከበደኝ። አንድ ሰው እላይ ሆኖ በክንዱ የተደገፈው ይመስል። ነፋስ ነው አልኩ። ነፋስ አልነበረም።

ከዚያ ሰማሁት።

«አለህ?»

አፌ ቀደመኝ። «አለሁ!» ብዬ ጮህኩ።

ባለ ቁልፉ ዞር ብሎ «ማንን ነው?» አለኝ።

«ስልክ ነው» አልኩት። ስልኬ መኪና ውስጥ ነው።

ጥቅምት 15

በመናፍስት አላምንም። ሰው ሲደክመው ያልተባለ ይሰማል።

«አለህ?» የጋሼ ነው። መሰላል ላይ ሆኖ እጁን ከመዘርጋቱ በፊት ሁልጊዜ ይጠይቃል። እኔ ከታች የመሰላሉን እግር ረግጬ «አለሁ» እላለሁ። ያኔ ይዘረጋል። አሥራ አንድ ዓመት አብረን ስንሠራ አንድ ቀን ሳይጠይቅ ተዘርግቶ አያውቅም። በቀን ስንቴ? መቶ? ሁለት መቶ? እኔ ደግሞ ለመደብኝ። «አለሁ» ማለት እንደ መተንፈስ ሆነብኝ፤ ሳላስበው ይወጣል።

ያን ቀን ባልዲው ሞልቶ ይፈስ ነበር። ቧንቧውን ልዘጋ ሄድኩ። አምስት እርምጃ። «አለህ?» ሲል እጄ ቧንቧው ላይ ነው።

«አለሁ» አልኩ። ሳልዞር።

በቃ። ዛሬ ከዚህ በላይ አልችልም።

ጥቅምት 17

ባለ ቁልፉ ደውሏል። እትዬ ግንባሯን ቋጥራ መጣች።

«አራተኛ ፎቅ፣ ሦስተኛዋ መስኮት ላይ ነጭ ነጥብ ቀርቷል ነው የሚለው።»

የትኛዋ እንደሆነች ሳትነግረኝ አውቄያለሁ።

«ውሃው ዜሮ ነበር» አልኳት።

«ውሃው ዜሮ ከነበረ እንግዲህ አንተ ነህ።»

ጥቅምት 18

ተመልሼ ሄድኩ። እውነትም አለች። የመስኮቷ ቀኝ ጥግ፣ ወደ ላይ፣ አውራ ጣት የምታህል ነጭ። ሃያ ጊዜ ፈተግኳት። ሲረጥብ የጠፋች ይመስላል። ሲደርቅ እዚያው ናት።

«አለህ?»

ጥርሴን ነክሼ ዝም አልኩ። ዝም ስል ደግሞ ይባስ... መልሱን የሚጠብቅ ዝምታ ነው።

ጥቅምት 20

ጥፋቱን ከዕቃው ፈልጌ ላገኘው ነው። ሙሉ ቀን ዕቃ ቤት ዋልኩ።

የማጣሪያውን እንክብሎች ደፋሁና አዲስ ሞላሁ። ብሩሹን በሙቅ ውሃ ዘፈዘፍኩ። ውሃ የሚረጩትን ሁለቱን ቀዳዳዎች በመርፌ ጠረግኩ፤ አንዱ ውስጥ የአሸዋ ቅንጣት ነበር። እሰይ፣ አገኘሁሽ አልኩ። ዘንጉን አንጓ በአንጓ ፈታሁ። አንጓዎቹ መካከል አቧራ ከገባ እንደ ሞረድ ይፋፋቃሉ፤ ስለዚህ እያንዳንዱን በንጹሕ ውሃ አጥቤ፣ በጨርቅ ወልውዬ፣ ጥላ ላይ አደረቅኩ። ዘይት አይነካውም። ዘይት የነካው አንጓ መቆለፊያው ቢጠብቅም ከእጅህ ይንሸራተታል።

እትዬ በር ላይ ቆማ ታየኛለች። «ለሠርጉ ነው?» አለች።

ለመሰላሉ እንዲህ ተጨንቄ አላውቅም። ለመሰላሉ ማን ይጨነቃል? መሰላል የሚፈልገው ሰው ብቻ ነው። እታች የሚቆም።

ጥቅምት 22

ነጥቧ አለች።

ዘንጉ ያን መስኮት ሲነካ አራተኛው አንጓ ወደ ውስጥ የገባብኝ መሰለኝ። አውርጄ መቆለፊያውን አጠበቅሁት። እንደገና ሰቀልኩት። አሁንም ገባብኝ። አውርጄ አጠበቅሁት። በአምስተኛው ጊዜ «ቀጭ» አለ። ብሎኑ ጥርሱን በላ።

እትዬ የተበላውን ብሎን መዳፏ ላይ አድርጋ አየችው። «አንተ ሰውዬ፣ ያዘው አሉህ እንጂ እነቀው አሉህ?»

«እንዳይለቀኝ ብዬ ነው።»

«ደህና ጠብቆ የነበረውን?» አለችና ዓይኔን አየችኝ። ቆይታ «ሕንፃው ነው አይደል?» አለች፤ ድምፅዋ ረገብ ብሎ። «እኔም ስሙ ሲጠራ ያን ቀን ይመጣብኛል። አንተ ምን ታደርግ? በእጅህ ይዘኸው...» ብሎኑን ቀይራ ሰጠችኝ።

ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ጥቅምት 27

ለሦስተኛ ጊዜ ተጠራሁ። አዲስ ብሎን፣ አዲስ ማጣሪያ፣ ዜሮ ውሃ። ነጥቧ አለች።

ዛሬ ግን ከነጥቧ ሥር ፊት አየሁ። ነጭ ፀጉር። መስታወቱ ላይ ተጠግቶ ቁልቁል ያያል። ዘንጉ ከእጄ ሊወድቅ ነበር።

ሴትዮዋ ያን ቀንም ነበረች። ጋሼ መሬት ላይ ወድቆ ቀና ስል፣ እዚያው መስኮት ላይ፣ ሁለት እጇን አፏ ላይ አድርጋ። ስድስት ዓመት የፈራሁት ያን ፊት ነው እንጂ ጋሼን አይደለም። ምን አየች? ቧንቧው ጋ መሆኔን አይታ ይሆን? ከላይ ሁሉም ነገር ይታያል።

ባለ ቁልፉ አንገቱን አቅንቶ ሲያይ ቆየና «ለምን ገብተህ በቅርብ አታያትም? ሴትዮዋ ቤቷ ናት፤ ልብስ ሰፊ ነበረች፣ አትወጣም» አለኝ።

«እኛ ከውጭ ነው የምንሠራው» አልኩት። በቁጣ ነው ያልኩት። ምስኪን፣ ምን አደረገኝ?

ጥቅምት 29

እትዬ ትዕግሥቷ አለቀ። «ለአንዲት ጠቃጠቆ ስማችን ይጠፋል። ኅዳር ሁለት እኔ ራሴ ወጥቼ ከሴትዮዋ ጋር አያታለሁ።»

«አንቺ አትልፊ፣ እኔ እሄዳለሁ።»

«ሦስቴ ሄደህ ምን አመጣህ?»

እትዬና ያቺ ሴት አንድ ክፍል ውስጥ... እትዬ መጠየቅ ታውቃለች። የዘንግ ሻጩን በላብ ያጠመቀች ሴት ናት።

ነገ መቅደም አለብኝ።

ጥቅምት 30

ወጣሁ።

ደረጃውን ስወጣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ተቀመጥኩ። መስኮት አጣቢ ነኝ፣ አሥራ ሰባት ዓመት ሠርቻለሁ፣ የማጥባቸውን ቤቶች ውስጥ አላውቃቸውም። ጋሼ ያውቅ ነበር። መሰላል ላይ ሆኖ ከየመስኮቱ ሰላም ይባባላል፤ ማን ታመመ፣ ማን ወለደች፣ ሁሉን ይዞልኝ ይወርዳል። ዘንግ ከመጣ ወዲህ ሰው አላይም። ብሩሹ ብቻ ነው የሚያየው።

በሩን የከፈተችው ራሷ ናት። ትንሽ፣ ቀጭን ሴት፤ ደረቷ ላይ መርፌ ተሰክቷል። አየችኝና ወዲያው ዓይኗ እንባ ሞላ።

«መጣህ ልጄ» አለች። «እንደምትመጣ አውቅ ነበር። ግባ።»

አለቀልኝ አልኩ። አይታኛለች።

ክፍሉ ጠባብ ነው። አሮጌ የስፌት መኪና፣ ጨርቅ፣ መስኮቷ አጠገብ የሚያብረቀርቅ ጠረጴዛ። እሷ በቀጥታ ወደ መስኮቷ ሄደች። ጣቷን አነሳችና ነጥቧን ነካቻት።

በዚህ በኩል።

ነጥቧ ከውስጥ ናት። ማጣሪያ ቀየርኩ፣ ብሎን በላሁ፣ ዘንግ ፈታሁ... ከውስጥ ናት! ጀማሪ እንኳ መጀመሪያ የሚያጣራው እሱን ነው። እኔ ግን መውጣት ስለፈራሁ አላጣራሁም።

«ሙጫ ነው» አለች። «የልብስ ቅድ በብርሃን ለመገልበጥ ወረቀቱን መስታወቱ ላይ እለጥፍ ነበር። የሱ ትራፊ። ያን ቀን ወንድምህ ሲያጥብ እኔ እዚህ ነበርኩ። ነጥቧን አየሁና እሱ ያለፋት መስሎኝ መስታወቱን አንኳኳሁ። በጣቴ አሳየሁት። ሳቀልኝ፤ በእጁ እሺ እናቴ አለኝ። ፈተጋት። አልለቀቀችም። እኔ ደግሞ እንደገና አሳየሁት... ልጄ፣ እንደገና አሳየሁት! ሊዘረጋላት ሲል...»

ተቀመጠች። እኔም የምቀመጥበት አጥቼ የስፌት መኪናውን ያዝኩ።

«በሦስተኛው ቀን ልጠርግ ብዬ በጥፍሬ ስነካት ጫፏ ተላጠ። ከውስጥ ነበረች። በሌለ እድፍ ነው የገደልኩት። ከዚያ ወዲያ እጄ አልነካት አለ። ብጠርጋት ነገሩን እንዳልነበረ የማደርገው ይመስለኛል። ዘንግህን ባየሁ ቁጥር ልንገረው እላለሁ፣ ጉልበቴ አይወርድ...»

በመስታወቱ በኩል ቧንቧውን ቁልቁል አየሁ።

«ሚስቱን ፈልጌ እግሯ ላይ ብወድቅ» አለች። «ሰው እሱን ዝንጉ ይላል አሉ። አንተም እንዳትጸጸት። አንተ ይዘህለት ነበር። 'አለህ?' ሲልህ 'አለሁ' ስትለው በዚህ ጆሮዬ ሰምቻለሁ። እምላለሁ።»

እምላለሁ አለች። ለኔ!

ኅዳር 1

ማንም አላየኝም።

ስድስት ዓመት የፈራሁት ምስክር መሰከረልኝ። ከጋሼ ላይ ዝንጉነቱ ሊነሳ ነው፤ አሮጊቷ በገዛ ፈቃዷ ልትሸከመው ነው፤ እኔ ደግሞ እንደ ዜሮ ውሃ ያለ ምልክት ልደርቅ። አፌን መዝጋት ብቻ ነው የሚጠበቅብኝ። እትዬ ነገ ትወጣለች፣ ሁለቱ ተቃቅፈው ያለቅሳሉ፣ ያልቃል።

ያልቃል? ጠዋት አሮጌውን ዘንግ ላነሳ ዕቃ ቤት ገባሁ። «አለህ?» አለኝ። እቤት ድረስ መጣ ማለት ነው።

ኅዳር 2

ነገርኳት።

እትዬ በርሜሉ ላይ ጎንበስ ብላ ውሃ እየለካች ነበር፤ ወደ ቀይ ጡቡ ልትሄድ ጫማዋን አድርጋለች።

«እትዬ፣ ያን ቀን መሰላሉን አልያዝኩም ነበር።»

«ዜሮ» አለች መለኪያውን እያየች። ከዚያ ቀና አለች። «ምን አልክ?»

«ጋሼ 'አለህ?' አለኝ። 'አለሁ' አልኩት። አልነበርኩም። ቧንቧ ልዘጋ ሄጄ ነበር። እሱ ከልክ በላይ አልተዘረጋም። እኔን አምኖ ነው የተዘረጋው።» ስለ ልብስ ሰፊዋም ነገርኳት፤ ስለ ነጥቧ፤ ጥፋቱ የሷ እንዳልሆነ። ቃሉ አንዴ ከወጣ በኋላ አያቆምም።

እትዬ መለኪያውን ጠረጴዛው ላይ በቀስታ አስቀመጠች። ብትወረውርብኝ ይቀለኝ ነበር።

«ስድስት ዓመት» አለች። «መቃብሩ ላይ ቆሜ ሰድቤዋለሁ፣ ታውቃለህ? ልጅህን እንዲህ ትጥላለህ ወይ ብዬ። አንተ አጠገቤ ቆመህ። ክንዴን ይዘህ።»

«አውቃለሁ።»

«ያን ጊዜስ ክንዴን እንዴት መያዝ አወቅህበት?»

እጆቼን ኪሴ ውስጥ ከተትኩ።

«ውጣልኝ» አለች። ወጣሁ።

ኅዳር 3

ስልክ የለም።

ኅዳር 7

ጠዋት በበሬ ሥር ወረቀት ገብቷል። የእትዬ ጽሕፈት ነው። የቀኑ ሥራ ዝርዝር፣ ሌላ ምንም የለበትም። ሰላምታ የለም። የዕቃ ቤቱ ቁልፍ በአጥር በኩል ተቀምጦልኛል። ውሃው ግን ተጣርቷል፤ ለካሁት፣ ዜሮ ነው። እኔን ብትጠላም ሥራውን አትበድልም።

ብቻዬን ማውራት ጀምሬያለሁ። ዘንጉን «እስቲ ወዲህ በል ጌታው» እለዋለሁ።

ኅዳር 12

ወረቀቱ ላይ «ቀይ ጡብ፣ ሦስት ሰዓት» ይላል።

ስደርስ ባለ ቁልፉ ጣቱን ወደ ላይ ቀሰረ። እትዬ እዚያ ናት። መስኮቷ ውስጥ፣ ከልብስ ሰፊዋ አጠገብ። ሁለቱም ዓይናቸው አብጧል፤ ከአራት ፎቅ ይታያል። እትዬ እጇ ላይ ምላጭ ይዛለች። ነጥቧን እየፋቀች ነው፤ ቀስ ብላ፣ መስታወቱን ሳትጭር። አሮጊቷ ክንዷን ይዛታለች።

ዘንጉን ሰቀልኩ። እሷ ከውስጥ፣ እኔ ከውጭ፣ አንዲት መስታወት ላይ። አንድ ጊዜ ብሩሼና እጇ ተገጣጠሙ። አላነሳችውም። ወደ ታችም አላየችኝም።

ውሃውን ለቀቅኩበትና ዘንጉን አወረድኩ። ደረቀ። ምንም የለም። ባለ ቁልፉ «ተመስገን፣ ስልክ መደወል ሰልችቶኝ ነበር» አለ።

ዘንጉ አልከበደኝም። ማንም አልጠራኝም። ጆሮዬን አቁሜ ጠበቅሁ... ዝም። ይናፍቀኛል ብዬ አላሰብኩም ነበር።

ኅዳር 18

ወረቀት፤ «ነገ ከሰዓት በኋላ ና። ለልጅቷ አንተ ራስህ ትነግራታለህ። እኔ ላስተምራት የቻልኩት ያንተን ውሸት ነው።»

ኅዳር 19

ፌንጣ ዕቃ ቤት ውስጥ በርሜሉ ላይ ተቀምጣ ጠበቀችኝ። እግሯን እያወዛወዘች። እትዬ በሩ ጋ ቆመች፤ አልገባችም፣ አልሄደችም።

ነገርኳት። አላሳጠርኩም፣ አላሳመርኩም። ባልዲው፣ ቧንቧው፣ አምስቱ እርምጃ። እግሯ መወዛወዙን አቆመ።

«አባቴ መጨረሻ ላይ ምን አለ?»

«'አለህ?' አለኝ።»

«አንተስ?»

«'አለሁ' አልኩት።»

«ግን አልነበርክም።»

«አልነበርኩም።»

በርሜሉ ውስጥ ውሃው ሲንጠባጠብ ይሰማል። ከዚያ በጣም ቀጭን በሆነ ድምፅ፣ የሰባት ዓመት ልጅ ሳለች በነበራት ድምፅ «ታዲያ ዝንጉ አልነበረም?» አለች።

«አልነበረም። ጠይቆ ነው የተዘረጋው።»

ከበርሜሉ ወርዳ እናቷን አልፋ ሮጠች። እኔ መሄጃዬ ጠፍቶኝ ቆምኩ። ዘንጉን እያየሁ ሁለተኛው መቆለፊያ መጥበቅ አለበት ብዬ አሰብኩ፤ ሰው እንዲህ ባለ ሰዓት ምን እንደሚያስብ ይገርማል።

ፌንጣ ተመልሳ መጣች። ፎቶውን ይዛለች። መወልወያ ጨርቄን ከምስማሩ ላይ አነሳችና እጄ ላይ አኖረችው። ፎቶውን ልትሰቅል ብላ ቆም አለች። መስታወቱ ደብዝዟል፤ ሳጥን ውስጥ ስንት ዓመት።

«ቆሽሿል። ጥረገው» አለችኝ።

«አጎቴ» አላለችኝም። ከእንግዲህ ትለኝ ይሆን? እንጃ።

ከኋላው ያሉትን አራት ትናንሽ ምስማሮች ነቅዬ መስታወቱን ከፍሬሙ አወጣሁት። በሁለቱም በኩል ጠረግኩት።